ከላይ ጣፋጭ፣ ከታች ጨው

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የውሃ መሥሪያ ቤታችን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆምበት በኖርኩበት የጓንግ ወንዝ ዳርቻ ላይ አንዲት ሣጥን ሰቀለ። ሣጥኗ በፀሐይ እየሠራች የውሃውን ከፍታ በስልክ ወደ ጎንደር ትልካለች። የሰቀላት ባለሙያ ደስ ይለዋል ብሎ ይሆናል፣ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ ማንም ወንዝ ውስጥ አይገባም" አለኝ። እኔም ደስ ያለኝ መስዬ "እሰይ" አልኩ። ገንዳ ውሃ ከተማ ያለው ቤቴ ገብቼ ግን ስነጫነጭ ዋልኩ። ባለቤቴ "ምን ሆነህ ነው?" ስትለኝ ሙቀቱ ነው አልኳት። ሣጥኗ ጓንግ የት ድረስ እንደሞላ ታውቃለች፤ ጨው ጨው ይበል አይበል ግን አታውቅም። ይህን ለባለቤቴ ብነግራት አረጀ ትለኛለች።

እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም። ውሃ ስለካ ኖሬ ስለ ውሃ የማውቀው ነገር አንድ ቀን ተገለባበጠብኝና እስከ ዛሬ አልተስተካከለልኝም። የሥራ ዘመንህን አውራ ስባል ቶሎ የሚመጣብኝም ያው ነው፣ የይማም ነገር። እሱን ለማውራት ግን ከሳንጃ መጀመር አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት ሳንጃ ነው፣ አንገረብ ወንዝ ላይ። ደገኛ ስለሆንኩ ቆላ ሲመድቡኝ እናቴ ወባ ጨረሰው ብላ በቁሜ አለቀሰችልኝ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ የሚሞላው ፎርም ግን ብዙ ነበር። ሁለቱንም እዚሁ ልተዋቸው። ሥራችን ጌጅ ማንበብና ውሃ መለካት ነው። ጌጅ የምንለው ወንዝ ዳር የሚተከለውን ቁጥር የተጻፈበት ብረት ነው። ለፍሰቱ ደግሞ ትንሽ ማራገቢያ የመሰለች መሣሪያ አለች፤ ውሃ ውስጥ ስትነከር ትዞራለች፣ በዞረች ቁጥር ጠቅ ትላለች፣ እኛ ጠቅታዋን እንቆጥራለን። በበጋ ሱሪ ጠቅልለን እንገባለን፤ በክረምት ከዳር እዳር በተወጠረ ገመድ ላይ ተንጠልጥለን ነው። ካየኋቸው አለቆች አንዱ ውሃ በጣም ስለሚፈራ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ነበር የሚቆጣጠረን። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ገመዱ ላይ ሆነን ስናየው እሱ ነበር የሚያልበው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ውበቱ ናቸው። አጭር፣ ደረቅ ያሉ፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ የደንቢያ ሰው ነበሩ። ወንዝ ሲቃረቡ ጫማቸውን ከሩቅ ያወልቃሉ። ከዚያ ዳር ቆመው የበቆሎ ቆረቆንዳ ይወረውሩና አካሄዱን ያያሉ። ቆረቆንዳው መሃል ይዞ ከሄደ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ዳር ካጠጋው ሌላ ነገር ነው። ቀጥሎ መቅመስ ነው። በእፍኛቸው ከላይ ከላዩ ይጨልፉና አፋቸው ውስጥ አገላብጠው ይተፉታል። ሁለተኛውን ይውጡታል። "ላይኛው አገር ጥቁር አፈር ላይ ዘንቧል" ይላሉ። ማታ ከላይኛው ጣቢያ በሬዲዮ ስንጠይቅ እንዳሉት ይሆናል። እኔ ስቀምሰው ግን ያው ውሃ ነው። "ምላስህ ገና ጡት አልጣለም" ይሉኝ ነበር።

ለምርመራ የሚላከውን ውሃ አቀዳድም በብዙ ቁጣ ነው ያስተማሩኝ። አንድ ጊዜ ጠርሙሱን ጠልቄ ከሥር ስሞላ ጭቃውን በጠበጥኩት። ጠርሙሱን ከእጄ ነጥቀው ደፉት። "አሁን የቀዳኸው ወንዙን ነው የራስህን እግር?" አሉኝ። "ከላይ፣ በስሱ፣ ሳትነካካው። ውሃ አይዋሽም። የሚዋሽ ቀጂው ነው።" ይህችን ነገር ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም። አምኜባት፣ እኔም በተራዬ አዳዲስ ሠራተኞችን ተቆጥቼባት ኖሬአለሁ።

ኋላ ሁለታችንም ወደ መተማ ወረዳ ተዛወርን። እኔ መጀመሪያ ኮኪት ተቀመጥኩ፣ እሳቸው ገንዳ ውሃ። ሰሊጥ ሲደርስ ከወሎም ከጎጃምም በጭነት መኪና የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ እዚያ "ሳሉግ" ይሉታል። ይማም ከወሎ የመጣ ሳሉግ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ ቀረ። ጓንግ ዳር ካለች አንዲት መንደር ካሰች የምትባል ልጅ አየ፣ ከዚያ መመለሱን ረሳው። እሱ እስላም፣ እሷ ክርስቲያን፤ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ተመላልሶ ነው የተጋቡት። ቤት ሠራ፣ ማሽላ ዘራ። መንደሩ ግን "ሳሉጉ" ማለቱን አልተወም።

ያች መንደር ጓንግ ዳር ተቀምጣ ውሃ የላትም ነበር፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው ነው። በበጋ ወንዙ ይቆራረጥና ጥልቅ ጥልቅ ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ። ከነዚህ በትልቁ ላይ ሞተር ተተከለ። ሞተሩ ከኩሬው ስቦ ጉብታው ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋል፤ ከታንከሩ ወደ መንደሩ ቧንቧ ይወርዳል። የሚስበው ቱቦ ውሃው ሲጎድል አየር እንዳይስብ ተብሎ ኩሬው ወለል ድረስ ወርዶ ነበር። ቦታው ጥሩ ነው ያልነው እኛ ነን፣ ጋሽ ውበቱ ቀምሰው። ለሞተሩ ጠባቂ ሲፈለግ ይማም ተመረጠ። ሌላው እርሻውን ትቶ ሞተር ስር መዋል ስላልፈለገ ነው እንጂ ወደውት አይደለም። የሞተሩም የታንከሩም ቁልፍ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር። በጋው እየገፋ ሲሄድ ቧንቧው ጨው ጨው ማለት ጀመረ። ሚያዝያ ላይ የማይጠጣ ሆነ። ሕፃናት ሆዳቸው ታመመ፣ ማሽላ ገንፎ ሲበላ ያቅር ጀመር። ጥሪ ደረሰንና ከጋሽ ውበቱ ጋር ሄድን። ቧንቧውን ቀመስን፤ ጨው ነው። ታንከሩን ቀመስን፤ ጨው ነው። ኩሬው ዳር ወርደን ጋሽ ውበቱ ጫማቸውን አወለቁ፣ ከላይ በእፍኛቸው ጨለፉ፣ ተፉ፣ ደገሙና ዋጡ። ጣፋጭ ነው። እኔም ቀመስኩ። በአህያ ጋሪ በበርሜል ውሃ የሚሸጡት ሰዎች እዚያው ኩሬ ላይ እየጨለፉ ይሞሉ ነበር፤ የነሱንም ቀመስን፣ ጣፋጭ ነው። በጠርሙስ ቀድተን ለምርመራ ላክን። ውጤቱም ያንኑ አለ።

ግራ ገባን። ወንዙ ጣፋጭ፣ ቧንቧው ጨው፤ በመሃላቸው አንድ ሞተርና አንድ ሰው ብቻ። መንደሩ ግን ግራ አልገባውም። ሳሉጉ ከውሃ ሻጮቹ ጋር ተመሳጥሮ ታንከሩ ውስጥ ጨው እየጨመረ ነው አለ። ያን ሁሉ ጨው ከየት አምጥቶ፣ በምን ተሸክሞ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ሌላ የሚመጣልኝ ምክንያት ስለሌለ።

በዚያች መንደር በውሃ የተካሰሰ ሰው የሚምለው ውሃውን ጠጥቶ ነው። ሽማግሌዎች ባሉበት ከወንዙ በእፍኙ ይቀዳል፣ ይጠጣል፣ "ቃሌ እንደዚህ ውሃ ነው" ይላል። ከዚያ በኋላ የሚከሰው የለም። ይማምን ኩሬው ዳር አቆሙት። እኛም የምናውቅ ተብለን ተጠርተን ነበር። ካሰች ከሴቶቹ ጋር ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች። ልጅ ይዛ ነበር፣ በሆዷ።

የመንደሩ ሊቀመንበር፣ "በል ይማም፣ ጠጣና ለእኛ የምታመጣልን ይኼንኑ ውሃ መሆኑን ማልልን። ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል" አለው። እኔ በሆዴ ማልና ገላግለን እል ነበር።

ይማም ጎንበስ ብሎ ጨለፈ፣ ጠጣ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቀረ። እጁን አየው። ደግሞ ጨልፎ ጠጣ።

"ጣፋጭ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

"ቧንቧውስ?"

"ቧንቧው ጨው ነው። ጠዋት ቀምሸዋለሁ።"

"ታዲያ በመሃል ያለው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ?"

"እንጃ። ወላሂ አላውቅም።" ወደ ጋሽ ውበቱ ዞረ። "ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ይንገሯቸው እንጂ።"

ጋሽ ውበቱ መሬት መሬቱን አዩ። የልጁ ነገር አሳዝኗቸዋል፣ ያስታውቅባቸዋል ለሚያውቃቸው ሰው። ግን ሌላ ቃል አልነበራቸውም። "ውሃ አይዋሽም፣ ልጄ" አሉ።

"እሺ፣ ማል" አለ ሊቀመንበሩ።

ይማም ራሱን ነቀነቀ። "አልምልም። ይኼ እኔ የማመጣው ውሃ አይደለም። ይኼማ ጣፋጭ ነው። እንዴት አድርጌ ልማል?"

እንግዲህ በዚያ አገር ያልማለ ሰው እንዳመነ ነው የሚቆጠረው። ቁልፉን እዚያው ተቀበሉት። አንዱ ሽማግሌ ምራቁን እንትፍ አለ። ይማም ማንንም ሳይሰድብ ወደ ቤቱ ሄደ። ካሰች ተከተለችው፤ ስታልፍ እኔንና ጋሽ ውበቱን ያየችን አስተያየት እስከ ዛሬ አለብኝ። ብዙም ሳይቆይ ይማም ሱዳን ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባ ሲሉ ሰማን። እሷ አሮጊት እናቷንና ማሽላዋን ይዛ ቀረች።

ቁልፉ ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ክረምቱ ገባ። ጓንግ ሞልቶ ወረደ፣ በነጋታው ቧንቧው ጣፋጭ ሆነ። መንደሩ "አያችሁ?" አለ። ምን ይባላል? እኔም አየሁ። ያየሁት ነገር ግን ልቤ ላይ አልተቀመጠም። ማታ ማታ ለባለቤቴ "ሌባ ቢሆን ለምን አይምልም ነበር?" እላታለሁ። እሷ "ፈርቶ ነዋ" ትለኛለች። ውሃውን ከመፍራትማ ሰውን ፈርቶ ይምል ነበር እላለሁ። በዚሁ እንተኛለን።

በዚያው ዓመት ግብፅ ለሥልጠና ተላክሁ። የተላክሁበትን ምክንያት ዛሬም አላውቀውም፤ ሌላ ሰው ፓስፖርት ስላልደረሰለት ይመስለኛል። ባሕር ዓይቼ አላውቅም ነበር። የመተማ አረብኛዬን እየሰሙ የዚያ አገር ሰዎች በሳቅ ይሞቱ ነበር፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አስተማሪያችን ጠና ያለች፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። አንድ ቀን ረሺድ ከምትባል ከተማ በጀልባ ይዛን ወጣች፣ ዓባይ ባሕር ውስጥ ወደሚገባበት።

እኔ ያሰብኩት ወንዙ አፉ ላይ ሲደርስ ባሕሩ ዋጥ ያደርገዋል፣ እዚያው ያልቃል ብዬ ነው። ወንዙ ግን አላለቀም። ደፍረስ ያለው ውሃ ሰማያዊው ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይሄዳል፣ ይሄዳል። በሁለቱ መሃል የአረፋና የቅጠላ ቅጠል መስመር አለ፤ ከመስመሩ ወዲህ አንድ ውሃ፣ ወዲያ ሌላ ውሃ። ጀልባችን መስመሩ ላይ ቆመች። አስተማሪዋ እንዲህ አለችን። "ወዲያው የሚቀላቀል ይመስላችኋል። አይቀላቀልም። ጨው ያለው ውሃ ከባድ ነው፣ የወንዙ ቀላል ነው። ቀላሉ ከላይ ይንሳፈፋል፣ እየሳሳ ይሄዳል፣ ነፋስና ማዕበል እስኪያምሰው ድረስ።" ወንዙ ሲደክም ደግሞ ባሕሩ ከሥር በወለሉ እየተሳበ ወደ ወንዙ ሽቅብ ይገባል አለች። ከላይ የሚያየው ሰው ወንዝ ያያል፤ ከሥሩ ባሕር ነው።

ይኼን ስትል ጆሮዬ ሰማ እንጂ እኔ ገና አልሰማሁም። ቀጥላ ያ ጣፋጭ ውሃ ዳርቻውን ይዞ ወደ ቀኝ ይታጠፋል አለች። ለምን ብንላት ምድር ስለምትዞር ነው አለችን። ይኼ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምድር ስትዞር ዓይቼ አላውቅ፤ ብትዞርስ ውሃው ግራና ቀኙን በምን ያውቃል? ሌሎቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔም ነቀነቅኩ። ከዚህ ውስጥ የጓንግ የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኩ፤ ጓንግ ድንበር ሲሻገር አትባራ ይባልና ዓባይ ውስጥ ገብቶ ወደዚህ ነውና የሚወርደው። ሳቀች፣ በክፋት አይደለም። ላይ ስለሚገደብና እርሻው ስለሚጠጣው ዛሬ ባሕር የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ የማን እንደሆነም አይለይም አለችኝ። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ስንል አድገን፣ ማደሪያው ደጃፍ ቆሜ የኔ ደረሰ አልደረሰ ማወቅ አልቻልኩም።

ከዚያ ጠርሙስ አወጣች። ጠርሙሱ ድንጋይ ታስሮበታል፣ ቡሹ በሌላ ገመድ ተይዟል። ተወትፎ ወለል ድረስ ይወርድና እዚያ ቡሹ ሲሳብ የሥሩን ውሃ ብቻ ይሞላል። በእጇ ከላይ ጨልፋ አቀመሰችን፤ ጣፋጭ ነው። ከጠርሙሱ አቀመሰችን፤ ጨው ነው። ያው ጀልባ፣ ያው ቦታ፣ እጄ ያው እጅ።

"ይማም" አልኩ።

ጀልባው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። አስተማሪዋ ባሕር አዙሮት ነው ብላ ሎሚ ቆርጣ ሰጠችኝ። ሎሚውን እየመጠጥኩ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ አዘነልኝ፣ አገሩ ናፍቆት ነው ብሎ።

ከኩሬው በላይ ከብት የሚወዳት ጨዋማ ምንጭ አለች። እረኞች ሁሉ ያውቋታል፣ እኛም እናውቃታለን። ትንሽ ናት፣ በእግር ተሻግረናት እንሄዳለን። በክረምት ጓንግ ያምሳትና ትጠፋለች። በበጋ ግን ወንዙ ሲቆም ጨዋማው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ኩሬው ይገባና በክብደቱ ወለሉን ይዞ ይተኛል። የሞተሩም ቱቦ የሚጠጣው ከወለሉ ነው። እኛ ደግሞ ከላይ፣ በስሱ፣ ሳንነካካው።

ስመለስ በጋ ነበር። ቧንቧው በአዲሱ ጠባቂም ተመልሶ ጨው ሆኗል። መንደሩ አሁን ደግሞ ሳሉጉ አስደግሞበት ሄዷል ይል ነበር። ባዶ የቢራ ጠርሙስ ላይ ድንጋይ አስሬ፣ ቡሽ ወትፌ፣ ጋሽ ውበቱን ይዤ ኩሬው ዳር ወረድኩ። "ምን ዓይነት የልጅ ጨዋታ ነው?" አሉኝ። ጠርሙሱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አፋቸው ውስጥ አገላበጡትና ተፉት። ሁለተኛውን አልጠጡም።

"ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። ቀመሱ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ባዶ እግራቸውን ውሃው ውስጥ እንደዘፈቁ። ጠርሙሷን እያገላበጡ፣ "ይኼን ሁሉ ዘመን ቆዳዋን ነው የቀመስኩት" አሉ። ቀጥለው፣ "ታዲያ አዱኛ፣ የዋሸው ውሃው ነው እኛ ነን?" ብለው ጠየቁኝ። በሥራ ዘመኔ እሳቸው እኔን የጠየቁኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"እንጃ ጋሼ" አልኩ። እውነቴን ነው፤ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹን ሰብስበው የቀመሱትን አስቀመሷቸው። አንዳንዱ ጠርሙሱ ውስጥ ጨው አስቀድሞ የነበረ መስሎት ራሱ አውጥቶ ቀመሰ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ፣ "ያኔ እኮ ጠይቀናችኋል" አለን። ልክ ነው፣ ጠይቀውናል። የቱቦውን ጫፍ ከወለሉ አንስተን ከባዶ በርሜል ጋር አንሳፈፍነው፣ ከላይ ከላይ እንዲጠጣ። ቧንቧው ጣፋጭ ሆነ። ወደ ካሰችም ሄድን። ልጇን ወልዳ ታጠባ ነበር። ጋሽ ውበቱ ቆመው ነገሩን ሁሉ ነገሯት።

"ለኔ ምን ያደርግልኛል?" አለች። "እኔ መቼ ተጠራጠርሁት? ለሱ ንገሩት።"

ድንበር በሚመላለሱ ነጋዴዎች መልእክት ላክንለት። ኩሬው ከሥሩ ጨው መሆኑን፣ ስሙ ነፃ መሆኑን፣ ቁልፉም እንደሚመለስለት። መልሱን ያመጣው ነጋዴ ራሱ ግራ ገብቶት ነበር። ይማም "በአፌ ቀምሸዋለሁ፣ ጣፋጭ ነበር በሏቸው" ብሎ ነው የላከው። ደጋግመን ላክን፣ ለካሰችም ለልጁም የሚሆን ነገር ይልካል እንጂ እሱ አይመጣም።

ጋሽ ውበቱ ከዚያ ወዲህ መቅመስ ተዉ። ጡረታ ወጡ። ሲታመሙ ልጠይቃቸው ገባሁ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ልወጣ ስል እጄን ይዘው፣ "ያ ልጅ ከመጣ በወሬ እንዳትነግረው። አቅምሰው" አሉኝ። ቀበርናቸው። ጠርሙሷን ከነገመዷ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት፤ ባለቤቴ ልትጥላት ስንት ጊዜ ሞክራለች።

ሱዳን ጦርነት ሲነሳ በመተማ ዮሐንስ በኩል ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። በጡረታ ተቀምጬ መንገዱን ሳይ እውል ነበር፣ ለምን እንደማይ ራሴም ሳላውቀው። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። ካሰች ናት።

"መጥቷል" አለች። "ይምጡ፣ ጋሽ አዱኛ።"

ጠርሙሷን በፌስታል ይዤ በባጃጅም በእግርም ደረስኩ። ይማም ሸብቷል፣ ጉንጩ ገብቷል። ተነስቶ ጨበጠኝ፣ በደንብ ጨበጠኝ፣ ቂም የለበትም። ምሳ ቀረበ። የመጀመሪያውን ጉርሻ አኝኮ ወደ ካሰች ዞረ።

"ጨው አለው?"

"አለው" አለችው። ደግሞ ወደ እኔ ዞራ፣ "ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ነው" አለች።

ይማም ፈገግ አለ፣ እንደማፈር ብሎ። "ምላሴን አላምነውም፣ ጋሽ አዱኛ። ገዳሪፍ ካምፕ ውስጥ ወጥ ሠሪ ሆኜ ኖርኩ። ጨውን የሚቀምስልኝ ሌላ ሰው ነበር።" ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። "ጠዋት ጨው ነው ያልኩት እኔ። ከሰዓት ጣፋጭ ነው ያልኩት እኔው። ማንም አልዋሸብኝም እኮ። ስንት ዓመት ሙሉ የቱ ላይ እንደተሳሳትኩ ስፈልግ ነበር።"

አፌ ላይ የመጣው ነገር ብዙ ነው፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ አረፋው መስመር፣ ስለ ከባዱና ስለ ቀላሉ ውሃ። ጋሽ ውበቱ ያሉኝ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። "ተነስ፣ ኩሬው ዳር እንውረድ" አልኩት።

መጋቢት ነበር፣ ወንዙ ቆሟል። ካሰችም ተከተለችን። እሱ ያኔ የቆመበት ቦታ ላይ ነው የቆመው፣ ሳላስቆመው። በእፍኙ ከላይ ጨለፈና ጠጣ። "ያው ነው" አለ። እኔ ጠርሙሷን ወለሉ ድረስ አወረድኩ፣ ቡሹን ሳብኩ፣ አረፋው ሲያልቅ አውጥቼ ሰጠሁት።

አፉ ውስጥ ያዘው። ቆየ። ውጦት ወደ ካሰች ዞረ፣ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። ካሰች ፊቷን ወደ ማዶ መለሰች፣ አልረዳችውም። ይማም ጠርሙሷን አያት፣ ኩሬውን አየው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጠጣ።

"ጨው ነው" አለ።